የአልጋ ልብስ የሚሰፋበት ብትን ጨርቅ አስቀድሞ ሊታጠብ ይገባልን?

የዚህ ወር ትምህርታችን ከገበያ ተገዝቶ ወደ ቤት ስለሚገባ ብትን ጨርቅ ነው። በአሊዩ አምባ፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የፍራሽን ልብስ፣ የትራስን ልብስ፣ የሕፃንን መጠቅለያና በመካከሉ ጥጥ ተደርጎ በረድፍ በረድፍ የሚሰፋውን ድርብ የአልጋ ልብስ በገዛ እጃቸው የሚያዘጋጁ እማወራዎች አሉ፤ ጨርቁን ገዝተው ለልብስ ሰፊ የሚሰጡም አሉ። እነዚህ ሁሉ አንድ ጊዜ መወሰን ያለባቸው ነገር አለ፤ ይኸውም ጨርቁ ከሱቅ እንደ ወጣ ይቆረጥ ወይስ አስቀድሞ ይታጠብ የሚለው ነው።

ጥያቄው ለስፌት ሙያ ብቻ የሚቀርብ ይመስላል። ነገር ግን ነገሩን ጠልቆ ለሚመረምር ሰው የጤና ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ሰው ከዕድሜው ሲሶ የሚሆነውን ጊዜ የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው፤ ሕፃን ደግሞ ከዚህ የበለጠውን። በዚህ ሁሉ ሰዓት ከገላው ጋር ተጣብቆ የሚያድረው ጨርቅ ምን እንደያዘና ወደ ፊት ሊታጠብ የሚችል መሆን አለመሆኑን ማወቅ የቤቱ ኀላፊ ተግባር ነው።

የጨርቅ ነገር ለይፋት አዲስ አይደለም

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ተራራ ግርጌ ያለች፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ጭነታቸውን የሚያራግፉባት የታወቀች ገበያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በዚያች ከተማ ተቀምጦ ያየውን በ1844 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ጽፎአል። በአካባቢው የሚኖሩት አርጎባዎችም በንግድና በሽመና ሙያቸው የታወቁ ናቸው። ቆላው ጥጥ ያበቅላል፤ እናቶች ይፈትላሉ፤ ሸማኔዎች ይሠራሉ። ስለዚህ የይፋት ሰው ስለ ድርና ማግ ከሌላ ሰው የሚማረው ብዙ አይደለም።

የተለወጠው ነገር ጨርቁ የሚመጣበት ስፍራ ነው። ቀድሞ ጥጡን ያበቀለው፣ የፈተለውና የሸመነው ሰው በመንደሩ የሚታወቅ ነበር። በኋላ ግን የባሕር ማዶ የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን እየያዘ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መጥቶ የንግድ ውል በተዋዋለ ጊዜ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ከነበረው ሸቀጥ ዋነኛው የጥጥ ጨርቅ ነበር። ዛሬ በገበያ የሚዘረጋው ብትን ጨርቅ ከሩቅ አገር ፋብሪካ የወጣ፣ በመርከብና በመኪና የተጓዘ፣ በመጋዘን የከረመ፣ በብዙ እጅም የተዳሰሰ ነው። እንግዲህ ሠሪውን ያላወቅነውን ጨርቅ ወደ መኝታችን ከማስገባታችን በፊት ልንመረምረው ይገባናል። ከምርመራውም ሁሉ ቀላሉና ርካሹ ውኃና ሳሙና ነው።

አዲስ ጨርቅ በውስጡ ምን ይዞአል?

አዲስ የሆነ ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው የሚል እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ይህ እምነት ስለ ጨርቅ ሲሆን ልክ አይደለም። አዲስ ጨርቅ የሚከተሉትን ነገሮች ይዞ ሊገኝ ይችላል።

1ኛ. ሙቅ። በፋብሪካ ድሩ በመኪና ሲሸመን እንዳይበጣጠስ ከስታርች በተሠራ ሙቅ ወይም ይህን በመሰለ ሌላ ነገር ይነከራል። አንዳንድ ጊዜም ስስ የሆነው ጨርቅ ወፍራምና ጠንካራ መስሎ እንዲታይ ከተሸመነ በኋላ ሙቅ ይጨመርበታል። አቡጀዲ ገና ከጥቅሉ ሲፈታ እንደ ወረቀት የሚንኰሻኰሸው ስለዚህ ነው። ገዢዋ ያየችው ውፍረት ከጥጡ ይሁን ከሙቁ የሚታወቀው ጨርቁ ሲታጠብ ነው። ሙቅ ደግሞ የእህል ዘር በመሆኑ እርጥበት ባለበት ስፍራ ሻጋታን ይጋብዛል፤ አንዳንድ ነፍሳትንም ይስባል።

2ኛ. የማለስለሻና ያለመጨማደድ መድኀኒት። ሳይተኰስ የማይጨማደድ ተብሎ የሚሸጥ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ነገር በገባበት ሙጫ መሰል መድኀኒት የተዘጋጀ ነው። ይህ ፎርማልዲሃይድ በሐኪም ቤት ከሰውነት የተወሰደ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፎርማሊን የሚሠራበት ነው። በጨርቅ ውስጥ ብዙ ሆኖ ሲገኝ ዐይንና አፍንጫን ይቈጠቍጣል፤ ቆዳቸው በማይስማማው ሰዎች ላይም ማሳከክንና ሽፍታን ያመጣል። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1973 በቤት ውስጥ ስለሚያገለግሉ ዕቃዎች ባወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜያቸው ከ24 ወር በታች ለሆነ ሕፃናት በሚሰፋ ልብስ ላይ ይህ ነገር ሊኖር የሚችልበትን መጠን እጅግ ዝቅ አድርጎ ወስኖአል። መታጠብ ይህን መድኀኒት ፈጽሞ ያጠፋዋል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በጨርቁ ላይ በልቅ የቀረውን ያስወግደዋል።

3ኛ. ትርፍ ቀለም። ማቅለሚያ ሲገባ ከክሩ ጋር ሳይዋሐድ የሚቀር ክፍል አለ። ደማቅ ቀይ፣ ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ጨርቆች በዚህ የታወቁ ናቸው። ይህ ቀለም በላብ ሲርስ ወደ ገላ፣ ሲታጠብም ወደ ነጩ ጨርቅ ይለቃል።

4ኛ. የመንገድና የመጋዘን ቈሻሻ። አቧራ፣ የአይጥ ኩስ፣ የነፍሳት ዕንቍላልና የብዙ ሰው እጅ ዕድፍ ማለት ነው።

በቤት የተፈተለው ሸማም ቢሆን ሸማኔው ድሩን በዱቄት ሙቅ አጠንክሮት እንደ ሆነ ያው ሙቅ አለበትና ከመለበሱ በፊት መታጠቡ መልካም ነው።

ስለ መሰብሰብ

ከጤናው ነገር ጋር የተያያዘ አንድ የሙያ ነገር አለ። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው መታጠብ ይሰበሰባል። ምክንያቱም በፋብሪካ ሲሸመንና ሲደርቅ ክሩ ተወጥሮ ስለሚቈይ ነው፤ ውኃ ሲነካው ግን ያብጣል፤ ውጥረቱም ይለቃል፤ ክሩም ወደ ተፈጥሮ ርዝመቱ ይመለሳል። ተራ የጥጥ ጨርቅ ከ100 እጅ ከ3 እስከ 5 እጅ፣ ልል ሆኖ የተሸመነውም ከዚያ የበለጠ ሊሰበሰብ ይችላል። ፖሊስተር ግን በቤት ውስጥ አጠባበቅ እምብዛም አይሰበሰብም።

ይህ በሒሳብ ሲታይ 3 ሜትር የሆነ አቡጀዲ ከ100 እጅ 5 እጅ ቢሰበሰብ 15 ሳንቲ ሜትር ያጥራል ማለት ነው። አንድ ንብርብር ብቻ ያለው የአልጋ አንሶላ ቢያጥር ጕዳቱ ማጠሩ ብቻ ነው። ድርብ በሆነ የአልጋ ልብስ ላይ ግን ጕዳቱ ሌላ ነው። ፊቱ ጥጥ ገበሩ ፖሊስተር ቢሆን፣ በታጠበ ጊዜ ፊቱ ይሰበሰባል፤ ገበሩ ባለበት ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ልብሱ ይጨማደዳል፤ የስፌቱ ክር ይወጠርና ይበጠሳል፤ በመካከሉ ያለው ጥጥም ከረድፉ ወጥቶ በአንድ ወገን ይጓጕላል። ቀይ ጨርቅ ከነጭ ጋር ተሰፍቶ እንደ ሆነም ነጩ ይበከላል። ከተሰፋ በኋላ ይህን ማቃናት አይቻልም። ሳይሰፋ ግን አንድ ሳፋ ውኃ ያቃናው ነበር።

ይህ ስለምን የጤና ነገር ሆነ?

አንባቢ ሆይ፣ የትምህርታችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነውና ልብ ብለህ አንብብ። አንዲት እማወራ ብዙ ገንዘብ አውጥታ፣ ብዙ ቀን ደክማ የሰፋችው የአልጋ ልብስ ቢታጠብ እንደሚበላሽባት ካወቀች ወይም ከጠረጠረች አታጥበውም። ታራግፈዋለች፤ ፀሐይ ታስነካዋለች፤ በላዩ ሌላ ታለብሳለች፤ ማጠቡን ግን ለሚቀጥለው ወር፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ዓመት ታስተላልፈዋለች። እንዲህ ሆኖ መታጠብን የሚፈራ የአልጋ ልብስ በቤት ውስጥ የቅማልና የእከክ መጠጊያ ይሆናል።

የልብስ ቅማል ደሙን ከሰው ገላ ይመጥጣል እንጂ መኖሪያው ልብስ ነው፤ ዕንቍላሉንም የሚጥለው በስፌት እጥፋት ውስጥ ነው። በረድፍ የተሰፋ ድርብ ልብስ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እጥፋት ነው። ቅማል ተስቦን፣ ደግሞም ትቶ እየተመለሰ የሚያስጨንቀውን ግርሻ የተባለውን ትኩሳት ያስተላልፋል። ኢትዮጵያ የግርሻ በሽታ እስከ ዛሬ ድረስ ከሚገኝባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። በሽታው በክረምትና በብርድ ወራት፣ ሰዎች በጠባብ ስፍራ ተፋፍገው በሚያድሩበት ጊዜ ይበረታል።

የመታጠብን ኀይል ለሚጠራጠር ሰው የሻርል ኒኮልን ታሪክ እንነግረዋለን። ይህ ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ከተማ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። የተስቦ በሽተኞች ከሐኪም ቤቱ ደጅ ውጭ ሳሉ የቀረባቸውን ሰው ሁሉ ያስይዛሉ፤ ልብሳቸውን የሚቀበሉትና የሚያጥቡትም ሠራተኞች ይታመማሉ። በሽተኞቹ ገላቸውን ታጥበው የሐኪም ቤት ልብስ ለብሰው ከተኙ በኋላ ግን በሽታው ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። እንግዲህ የበሽታው ተሸካሚ በልብስ የሚኖር ነገር መሆን አለበት ብሎ ተነሣና እ.ኤ.አ. በ1909 ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን በምርምር አረጋገጠ። ስለዚህም ሥራው በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በሞት በሚያስፈራ በሽታና በጤና መካከል የቆመው ነገር ውኃ፣ ሳሙናና የልብስ መለወጥ ነበር።

ከዘመናችንም ምሳሌ እንጥቀስ። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ ድርቅ በኋላ የእከክ በሽታ በተስፋፋ ጊዜ በ68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው ወደ 379,000 የሚጠጉት በሽታው ተገኝቶባቸው ነበር። ከ3 ሰዎች አንዱ ማለት ነው። እከክ በዋነኛነት ገላ ከገላ ሲነካካ የሚተላለፍ ቢሆንም በአንድ መኝታና በአንድ ልብስም ይተላለፋል። ስለዚህ የታመሙት መድኀኒት በሚቀቡበት ቀን የአልጋው ልብስ አብሮ ሊታጠብ ይገባል። ሊታጠብ የማይችል ልብስ በዚያ ቀን ምን ይደረጋል?

እንግዲህ የመጀመሪያው መታጠብ ለጨርቁ እንደ ፈተና ነው። ፈተናውን ያለፈ ጨርቅ ወደ ፊት መቶ ጊዜ ቢታጠብ አያሳፍርም፤ የወደቀውም ሳይሰፋ ይታወቃል።

አይታጠብ የሚሉ ሰዎች ምን ይላሉ?

ክርክሩ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በአሜሪካ ክዊልት የሚባለውን በጥጥ የተሞላ ድርብ የአልጋ ልብስ የሚሰፉ ባለሙያዎች በዚህ ነገር ላይ በሁለት ይከፈላሉ። አይታጠብ የሚሉት ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። ሙቅ ያለበት ጨርቅ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ለመቍረጥና ለመስፋት ይመቻል ይላሉ፤ ከተሰፋ በኋላ ታጥቦ የሚመጣው ትንሽ መጨማደድ ያምራል ይላሉ፤ ጊዜና ድካምም ይቀንሳል ይላሉ።

እነዚህ ምክንያቶች ከንቱ አይደሉም። ነገር ግን የሚናገሩት ሰዎች የተጠናቀቀውን ልብስ በመኪና አጥበው በመኪና የሚያደርቁ ናቸው። በእኛ ቤት ጥጥ የተሞላ ወፍራም ልብስ በእጅ ታጥቦ በገመድ የሚደርቅ ነው፤ በክረምት ጊዜ ደግሞ ለብዙ ቀን ሳይደርቅ ሊቈይና በውስጡ ሊሻግት ይችላል። ስለዚህ መርማሪው መታጠብ ልብሱ ከተሞላ በኋላ ሳይሆን ጨርቁ ገና ስስና ብትን ሳለ ቢደረግ ይሻለናል። ለመቍረጥ አልመች ያለውንም ጨርቅ ጥቂት እርጥበት ሳለው በካውያ መተኰስ ቀጥ ያደርገዋል።

ልብስ ሰፊውና ደንበኛይቱ ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩትም ይህንኑ ነው።

«ጋሼ፣ ይህን ጨርቅ ለፍራሽ ልብስ ይስፉልኝ።»

«እሺ እትዬ፤ ታጥቦአል?»

«ኧረ አዲስ ነው፤ ዛሬ ነው የገዛሁት።»

«እንግዲያስ ወስደው ይጠቡትና ነገ ይምጡልኝ። ዛሬ በልኩ ብሰፋልዎት በፋሲካ ሲያጥቡት ፍራሹ አይገባበትም።»

እንዲህ ብሎ የሚመልስ ልብስ ሰፊ የዛሬውን ገንዘብ ለነገ በማቈየቱ የሚጐዳ ቢመስለውም ደንበኛውንና ስሙን ያተርፋል።

አሠራሩ

ሀ. ከመግዛት በፊት። ለሚሰበሰበው ትርፍ አስቡ። የሚፈለገው 4 ሜትር ከሆነ 4 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ግዙ። ለፊትና ለገበር በተቻለ መጠን አንድ ዐይነት ጨርቅ ምረጡ፤ ጥጥ ከጥጥ ጋር ማለት ነው።

ለ. ቀለሙን መፈተን። ከጨርቁ ጫፍ ጣት የሚያህል ቍረጡና በነጭ ሳሕን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ግማሽ ሰዓት አቈዩት። ከዚያም በነጭ ጨርቅ መካከል ጭመቁት። ውኃው ወይም ነጩ ጨርቅ ከቀላ ቀለሙ ይለቃል። ጨውና ኮምጣጤ ቀለሙን ያጸናዋል የሚባለው የዛሬውን የፋብሪካ ማቅለሚያ አይመለከትም። ከሦስትና ከአራት ጊዜ መታጠብ በኋላም ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ ለሕፃንና ከነጭ ጋር ለሚሰፋ ነገር አይሆንም።

ሐ. መሰብሰቡን መፈተን። በጨርቁ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ በሁለቱ ጫፍ በክር ምልክት አድርጉ። ታጥቦ ደርቆ ሲለካ 48 ከሆነ ከ100 እጅ 4 እጅ ተሰብስቦአል። ሁለተኛ አጥባችሁ እንደገና ለኩ፤ ካልቀነሰ ጨርቁ ጸንቶአል።

መ. ጫፉን መያዝ። የተቈረጠው ዳር እንዳይተረተር በሰፋፊ ስፌት ያዙት፤ ወይም በስፌት መኪና አንድ ጊዜ ዙሩት።

ሠ. መዘፍዘፍና ማጠብ። መጀመሪያ ሙቁ እንዲለቅ ያለ ሳሙና በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፉት፤ የመጀመሪያውን ውኃ ድፉ። ከዚያ ወደ ፊት በምታጥቡበት ሙቀት በሳሙና እጠቡት። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሊቀቀል ይችላል። ውኃው እስኪጠራ ድረስ አለቅልቁ፤ የቀረ ሳሙናም ቆዳን ያስቈጣልና። ደማቁን ከነጩ አትቀላቅሉ። ትኩስ ውኃ ባለበት ስፍራ ሕፃናትን አታስቀርቡ።

ረ. ማድረቅና መተኰስ። በእሾህ አጥር ወይም በመሬት ላይ ሳይሆን በገመድ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉ። ነጩን በፀሐይ፣ ባለቀለሙን በጥላ አድርቁ። ሲተኰስ የካውያው ሙቀት ለጨርቁ ዐይነት የሚስማማ ይሁን፤ ፖሊስተር በብዙ ሙቀት ይቀልጣል።

አስቀድሞ የማይታጠብ ነገር

ሁሉን ነገር ወደ ውኃ መንከር ጥበብ አይደለም። በመካከል የሚገባው ጥጥ ሳይሰፋ ቢታጠብ ይጓጕላል። የእርሱ ንጽሕና ሌላ ነው፤ ፍሬው በደንብ ተዳምጦ ይውጣ፤ ፍሬ ከቀረበት ዘይቱ ጨርቁን ያበላሻል። ከዚያም በፀሐይ ይሰጣ፤ በደጋን ይነደፍ። ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ፣ ሽንት የነካው ወይም የሻገተ ጥጥ ግን ለአዲስ ልብስ መሙያ ሊሆን አይገባም። የሱፍ ብርድ ልብስ በትኩስ ውኃና በማሸት ይኰማተራልና በቀዝቃዛ ውኃ በለሆሳስ ይታጠብ።

ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው፦ ጥጥ የተሞላው ልብስ ወይም ፍራሽ ለብቻው ይሰፋ፤ በላዩ ደግሞ አስቀድሞ ከታጠበ ጨርቅ የተሰፋ፣ በቍልፍ ወይም በማሰሪያ የሚዘጋ ልብስ ይልበስ። ይህ የላይኛው ልብስ እየወለቀ በየሁለት ሳምንቱ ሊታጠብ ይችላል፤ ጥጡም ከላብና ከዕድፍ ይጠበቃል።

ስለ ሰልባጅ

ከሰልባጅ ልብስ ቈራርጦ የአልጋ ልብስ መስፋት የሚያስመሰግን ቍጠባ ነው። ነገር ግን አዲስ ጨርቅ አስቀድሞ መታጠቡ የሚገባው ከሆነ፣ የሌላ ሰው ገላ የነካው እጥፍ አድርጎ ይገባዋል። ሰልባጅ ከቤት ልብስ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ጨርቁ የሚችል ከሆነ ከ60 ዲግሪ ባላነሰ ትኩስ ውኃ ይታጠብ፤ ስፌቱና እጥፋቱም በጋለ ካውያ ይተኰስ። ትኩስ ውኃ የማይችለው በላስቲክ ከረጢት በሚገባ ታስሮ ለ2 ሳምንት ይቀመጥ፤ ቅማል ደም ካላገኘ ይሞታልና። ከዚያ በኋላ በሚችለው ውኃ ይታጠብ።

የት እንጠብ?

ልብስ ለማጠብ ብሎ በሽታ መሸመት አይገባም። ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በተኛ ውኃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች በሚወጣ ጥቃቅን ትል አማካይነት ቆዳን በስቶ ወደ ሰውነት ይገባል። ትሉ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው በቀን ብርሃን ሲሆን ይልቁንም በእኩለ ቀን ይበዛል፤ ይህም እናቶች በወንዝ ዳር ቆመው የሚያጥቡበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ውኃውን ቀድቶ ከወንዙ ርቆ በሳፋ ማጠብ ይሻላል። ውኃው ከሚጠረጠር ወንዝ የተቀዳ እንደ ሆነ ይፍላ፤ ወይም ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ተከድኖ 2 ቀን ይቈይ፤ ትሉ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይሞታል።

በዚህ ነገር ከአገራችን የወጣ ክብር አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሲመራመሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እናቶቻችን ሸማ የሚያነጹበት እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑ በዚህ ለዓለም ተገለጠ፤ እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። እንግዲህ ሳሙና ያጣች እናት በእንዶድ ብታጥብ የሚያሳፍር አይደለም። ብቻ እንዶድ ዓሣን ይገድላል፤ ለሚጠጣውም መርዝ ነው፤ ስለዚህ የታጠበበት ውኃ በሚጠጣ ውኃ ላይ አይደፋ፤ ፍሬውም ከሕፃናት ይራቅ።

ውኃ ሲቸግር

በቆላ ውኃ በእንስራና በጀሪካን ከሩቅ እንደሚቀዳ የታወቀ ነው። ሁሉን ማጠብ ባይቻል ቅድሚያው እንዲህ ይሁን። አስቀድሞ የሕፃናት ጨርቅ፤ ቀጥሎ ሰልባጅ፤ ቀጥሎ ቀለሙ ደማቅ የሆነና ከነጭ ጋር የሚሰፋ፤ በመጨረሻም አቡጀዲና ሌላው ተራ ጥጥ። የነጩ ጨርቅ የመጨረሻ ማለቅለቂያ ውኃ ለደማቁ መዘፍዘፊያ ይሆናልና አይደፋ። በዛሬው ቀን በአንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን የሚሳሳ ሰው የነገውን ሐሳብ ይመልከት፤ የተበላሸ የአልጋ ልብስ ዋጋው ከአንድ ጀሪካን ውኃ ይበልጣል፤ የታመመ ሕፃን ዋጋ ደግሞ በምንም አይተመንም።

ማጠቃለያ

ለተጠየቀው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የአልጋ ልብስ የሚሰፋበት ብትን ጨርቅ ሳይቈረጥ አስቀድሞ ሊታጠብ ይገባዋል፤ ይኸውም ሙቁ፣ መድኀኒቱና ትርፍ ቀለሙ እንዲወጣ፣ መሰብሰቡም ከስፌት በፊት እንዲያልቅ፣ ከሁሉም በላይ ልብሱ ወደ ፊት ያለ ፍርሃት የሚታጠብ እንዲሆን ነው። አዲስነት በአንድ ቀን ያልፋል፤ ንጽሕና ግን እየታደሰ ይኖራል።

አንባብያን ትምህርቱን ለቤተ ሰብ ካነበቡ በኋላ የሚከተሉትን ጥያቄዎች እንዲጠያየቁ እንመክራለን።

1. አዲስ አቡጀዲ የሚንኰሻኰሸው ስለምንድን ነው?

2. ፊቱ ጥጥ ገበሩ ፖሊስተር የሆነ ድርብ ልብስ ሲታጠብ ምን ይደርስበታል?

3. የልብስ ቅማል ዕንቍላሉን የት ይጥላል?

4. ከሚጠረጠር ወንዝ የተቀዳ ውኃ ለልብስ ማጠቢያ ከመዋሉ በፊት ምን ሊደረግ ይገባል?

5. በቤታችሁ ካለው የአልጋ ልብስ መካከል መታጠብን የምትፈሩለት የትኛው ነው? ስለምን?